ወገቤን ይዤ በሞተር፦ ከጎርጎራ እስከ ደባርቅ

ረቡዕ፣ ጎንደር

ነገ ጠዋት ወደ ጎርጎራ እነሳለሁ። ከዚያ ተመልሼ ወደ ደባርቅ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘንድ እወጣለሁ። ለጎንደር ሰው ሁለቱም ሩቅ አገር አይደሉም። ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም መንገድ በሞተር ከሄድኩ ቆይቷል። ወገቤ አላስኬድ ብሎኝ ነው።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነበር። ዘመኔን የጨረስኩት ሞተር ላይ ነው። ክትባት ጭኖ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ሞተር መግፋት፣ ማታ ደርቆ መግባት። ሐኪሞች ከ3 ወር ያለፈውን የወገብ ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል። የእኔ እዚያ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። አንዳንድ ቀን መኖሩን እረሳዋለሁ። አንዳንድ ቀን ካልሲ ለማጥለቅ ሰው እጠራለሁ።

እዚህ አገር ወገቤን አመመኝ ስትል የመጀመሪያው መልስ “ኩላሊትህ ነው” የሚል ነው። ቀጥሎ “ብርድ መቶህ ነው” ይመጣል። ከዚያ ወጌሻ ይጠራል። ሁሉም የሚናገረው አዝኖልህ ነው። አብዛኛው የወገብ ሕመም ግን ከኩላሊት ጋር አይገናኝም። እኔን የሚያሳስበኝ “ኩላሊቴ ነው” እያለ ሳይመረመር ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚወጋው ሰው ነው። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ሲደጋገሙ ጨጓራን ይጎዳሉ። ደህና የነበረውንም ኩላሊት ሊያበላሹ ይችላሉ። ደም ግፊት ያለበት ሰውማ ሐኪም ሳያማክር ባይነካቸው ይሻላል።

እኔ ኩላሊቴን ተመርምሬ ደህና ነው ተባልኩ። ራጅ ተነሣሁ። ከዚያ የተላክሁት ወደ ፊዚዮቴራፒ ነው። ጎንደር በዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሠለጥናል። ያገኘኋት ባለሙያ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ካጎነበሰችኝ፣ ካዞረችኝ፣ እግሬን በየተራ ካነሳች በኋላ “ጋሼ፣ ሞተሩን መሸጥ አያስፈልግዎትም” አለችኝ። “አነዳድዎን ግን እንቀይረዋለን።”

“ዲስክህ አርጅቷል” ተብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ፣ እሷ ለእኔ የነገረችኝን ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ስብስብ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል አይቶ ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ 37 በመቶዎቹ ያረጀ ዲስክ ታይቶባቸዋል። በ80 ዓመት ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ 96 በመቶ ይደርሳል። ሁሉም ወገባቸውን አያማቸውም። በምስል ላይ የታየ ነገር ብቻውን አልጋ ላይ ሊያስቀረን አይገባም።

ዋናው ሕጓ ይህ ነው። በየ30 ደቂቃው ከሞተር መውረድ። ወገቤ ቢያመኝም ባያመኝም። “ወገብዎ እስኪነግርዎት አይጠብቁ፤ ሰዓቱ ሲነግርዎት ይውረዱ” አለች። ምክንያቱንም አስረዳችኝ። ሕመሙ ሲመጣ ብቻ የሚወርድ ሰው ሲወርድ ጡንቻው ቀድሞ ተኮማትሯል። ደህና በሆነበት ቀን ደግሞ ደስ ብሎት አብዝቶ ይነዳል፤ ከዚያ ቀናት ይተኛል። ሲነሳ ጉልበቱ ካለፈው ያነሰ ነው። አንጎልም ሞተርንና ሕመምን አንድ ላይ ያስራቸዋል። በሰዓት የሚወርድ ሰው ግን ወገቡ ገና ደህና ሳለ ስለሚወርድ፣ ቀስ በቀስ ልኩን ያሰፋል። ይህን ነገር ከልቤ አምኜበታለሁ። ይህን ጉዞም የማደርገው በረጅም መንገድ ልሞክረው ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ መካኒኬ ዘንድ ሄድኩ። የኋላ ሞላው ከሥራ ዘመን ጀምሮ ለሁለት ሰውና ለክትባት ሳጥን ተብሎ ጠብቆ ነበር። አሁን የምሄደው ብቻዬን ነው። ሞላውን ሁለት እርከን አላላልኝ። ጎማውንም ሞተሩ ላይ ወደተጻፈው ልክ አወረድነው። ድንጋይ እስኪመስል የተነፋ ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር ወደ ወገብ ነው የሚልካት። መሪውን ትንሽ ወደ እኔ አዘነበለው፤ አሁን ሳልጎነብስ እደርስበታለሁ። የወንበሩ ስፖንጅ መሐሉ ጎድጉዶ ነበር። ጎድጓዳ ወንበር ዳሌን ወደ ኋላ ያስቀምጥና ወገብን ያጎብጣል። ጠበቅ ያለ ስፖንጅ ገባለት።

“ጋሼ፣ አሁን እስከ መተማ ይነዷታል” አለኝ መካኒኩ።

“መጀመሪያ ጎርጎራ ልድረስ” አልኩት።

የወገብ ቀበቶዬን ቤት ትቼዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶንና ድጋፍን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። የሚመክረው እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ ማወቅን፣ ማሸትንና የመሳሰሉትን ነው። በዚያው ድርጅት አኃዝ በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረበት። ያን ሳነብ ብዙ ሰው አብሮኝ እንዳለ ተሰማኝ።

ሐሙስ፣ ወደ ጎርጎራ

ከእንቅልፍ እንደነቃሁ ሞተር ላይ አልወጣም። ይህ ሁለተኛው ሕጌ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ሌሊት፣ ክብደት ሲቀልለት፣ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ጠዋት ከማታ ይልቅ ቁመታችን ትንሽ የሚረዝመው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ማጎንበስ ዲስኩን ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ 11 ሰዓት ተነስቼ ሰፈሬን ዞርኩ። ቆሜ ሻይ ጠጣሁ። የጫማዬን ማሰሪያ ያሰርኩት እግሬን ደረጃ ላይ ሰቅዬ ነው።

መናኸሪያ ጎራ ብዬ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች ጠየቅኩ። በዚህ ዘመን ሳይጠይቁ መውጣት አይገባም። “ሰላም ነው፣ ሂድ” አሉኝ። ሻንጣዬን ከኋላ መጫኛው ላይ አሰርኩት። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ለእንደኔ ያለ ሰው ሸክም ነው።

የከተማው ኮብልስቶን የመጀመሪያው ፈተና ነው። እዚያ ላይ መቀመጫዬን ከወንበሩ ትንሽ ብድግ አድርጌ በጉልበቴ ታንከሩን ያዝኩ። ጉልበት ሲይዝ እጅ ይላላል። እጅ ሲላላ ትከሻና ወገብ ያርፋሉ። እስከ አዘዞ ያለው መንገድ በባጃጅና በሚኒባስ የተሞላ ነው። ያዝ ለቀቅ ይበዛዋል። አዘዞን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ ስልኬ ጮኸ። 30 ደቂቃ።

ምንም አላመመኝም ነበር። ወረድኩ። ይህ ለሰው ማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው። አንድ እረኛ መጥቶ “ተበላሸብህ?” አለኝ። “ወገቤን ላሳርፍ ነው” አልኩት። እጄን ዳሌዬ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ለመጥ አልኩ። ደጋገምኩት። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ተራመድኩ። ልጁ አብሮኝ ተራመደ።

ከዚያ በኋላ ደምቢያ ተዘረጋ። ኅዳር ላይ ደምቢያን ያላየ ሰው ምን ልበለው! ጤፉ ታጭዶ ክምር ክምር ብሏል። ሽምብራው እሸት ይዟል። ሴቶች መንገድ ዳር እሸት ታቅፈው ይሸጣሉ። ይህ ሜዳ ግን ክፉ ዘመንም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚህ የተነሳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። በ1954 ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲከፈት፣ አንዱ ምክንያት ያ እልቂት ነበር። የዛሬው ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል የበቀለው ከዚያ ኮሌጅ ነው። እኔን ያከመችኝ ልጅም የተማረችው እዚያው ነው። በዚህ ሜዳ ላይ በሞተር ሳልፍ ይህን አስባለሁ።

ቆላ ድባ ቡና ቤት ገባሁ። ዱካ፣ አጭሩ በርጩማ፣ ቀረበልኝ። ዱካ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ይሆናል፤ ወገቤም ሙሉ በሙሉ ይጎብጣል። ለሞተር ነጂ ወገብ ከዚህ የባሰ ዕረፍት የለም። “እማማ፣ ወገቤን ያመኛል፤ ከፍ ያለ ወንበር ይኖራል?” አልኳቸው። ጓዳ ገብተው የእንጨት ወንበር ይዘው መጡ። “ልጄ፣ እኔንም እኮ ነው የሚያመኝ” አሉ። ቡናውን እያፈሉ ስለ ወገባቸው አወራን። ውሃ ከምንጭ ሲቀዱ እንስራውን የሚያነሱበትን አኳኋን አሳዩኝ። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እንስራውን ሰውነታቸው ላይ አስጠግተው ነው። የትኛውም ፊዚዮቴራፒስት ከዚህ ሌላ አያስተምርም።

ጯሂት አካባቢ ከዋናው መንገድ ወጥቼ የድሮ የሥራ ጓደኛዬን ልጠይቅ ፒስታ ውስጥ ገባሁ። በእርግጥ የፈራሁት ይህን ነበር። ኮረኮንች ወገብን የሚጎዳበት የታወቀ ምክንያት አለው። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ገደማ በሚደጋገም ንቅናቄ ከሁሉ አብልጦ ይንቀጠቀጣል። ኮረኮንች መንገድና ጠንካራ ሞላ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት እዚያው አካባቢ የሆነ ንቅናቄ ነው። ረጅም ጊዜ ሲቆይ ጡንቻው ይደክማል፤ ጭነቱ ለዲስኩና ለመገጣጠሚያዎቹ ይተርፋል።

መፍትሔው መቆም ነው። እግር መርገጫው ላይ ቆምኩ። ጉልበቴን ትንሽ አጠፍኩ። ከዳሌዬ እንጂ ከወገቤ አልጎነበስኩም። እጄ መሪውን ነካ ብቻ አደረገ። ያኔ የሞተሩን ዝላይ የሚውጠው ጭንና ባት ነው። ጭኔ እሳት ሆነ። ወገቤ ግን ዝም አለ። ጓደኛዬ ከሩቅ ሲያየኝ “እንደ ልጅ ቆመህ ትነዳለህ?” ብሎ ሳቀ። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን።

ጎርጎራ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው። ጣና እዚህ ዳር የለውም። እንደወረድኩ አንድ ልጅ ሻንጣዬን ሊያነሳልኝ መጣ፤ አመስግኜ ሰጠሁት። ከረጅም ንዝረት በኋላ የወገብ ጡንቻ ለጥቂት ደቂቃ ይሰንፋል። በዚያች ሰዓት ከባድ ነገር ማንሳት አደገኛ ነው። ብዙ ሰው “ሞተር ላይ ምንም አልሆንኩም፤ ዕቃ ሳወርድ ቀጭ አለብኝ” የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ዳርዳሩን ተራምጄ ስመለስ የቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ ጠበቀኝ።

አርብ፣ ጎርጎራ

ሌሊቱን ወገቤ ጠዘጠዘኝ። ጠዋት ደርቆ ነበር። ሕመሙን ከ10 ሦስት እሰጠዋለሁ። ከዚህ በፊት ቢሆን ቀኑን ሙሉ እተኛ ነበር። አሁን የማውቀው ረጅም መተኛት ወገብን እንደሚያደክም ነው። ቀስ ብዬ ወደ ደብረ ሲና ማርያም በእግሬ ሄድኩ። የሣር ክዳን ያላት፣ ግድግዳዋ በጥንት ሥዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን ናት።

ቅጥሩ ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ደብተራ አገኘሁ። አቋቋም የተማሩት ጎንደር በዓታ ለማርያም ነው። በዓታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ናት፤ ከእሷ የወጣ ሰው ሌሊት ሙሉ መቆም ያውቃል። “የኔታ፣ ሌሊቱን ሁሉ ቆማችሁ ወገባችሁ እንዴት ይችለዋል?” አልኳቸው።

መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አስገቡ። “አንድ እግር ላይ አይቆምም” አሉ። “አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው። መቋሚያው ይረዳል። ዜማው ራሱ ያንቀሳቅስሃል፤ እንደ ግንድ ከቆምክማ ትወድቃለህ።”

እጃቸውን ሳምኩ። እሳቸው ስለ ዝማሬ ነበር የሚናገሩት። እኔ ግን ተመልሼ ሞተር ላይ ስወጣ አንድ አዲስ ነገር ጨመርኩ። በ30 ደቂቃው መካከልም እንዳልደርቅ ክብደቴን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ መቀመጫዬ አዛውራለሁ። ቀጥ ያለ አስፋልት ሲገኝ ዳሌዬን ወደፊትና ወደ ኋላ እጥፋለሁ። ትንሽ ነገር ናት። ጎንደር ስገባ ከጠዋቱ ተሽሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጎንደር

ዛሬ ሞተር የለም። ገላዬን ታጠብኩ፣ ልብሴን አጠብኩ፣ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ።

ማታ ስፖርቴን ሠራሁ። ካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል የሚያስተምራቸው ሦስት እንቅስቃሴዎች ናቸው። አንደኛው በጀርባ ተኝቶ፣ አንድ ጉልበት አጥፎ፣ እጅን ወገብ ሥር አድርጎ ራስንና ትከሻን ጥቂት ብቻ ማንሳት ነው። ሁለተኛው በክርን ተደግፎ በጎን መነሳት። ሦስተኛው ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አብሮ መዘርጋት፣ ከዚያ መቀያየር። እያንዳንዱን 10 ሴኮንድ ያህል ይዞ መልቀቅ ነው። ሦስቱም የወገብን ዙሪያ ያጠነክራሉ፤ ወገብን ግን አያጥፉም። መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ ይሠራሉ። ገንዘብ አይጠይቁም። እባካችሁ ሞክሯቸው።

እሑድ፣ ወደ ደባርቅ

ከቅዳሴ መልስ ተነሳሁ። ቅዳሴ ላይ መቆሙ ራሱ ሰውነቴን አፍታቶታል።

ከከተማው ስትወጣ ወለቃ አለች፤ ሸክላ ሠሪዎች መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ከዚያ መንገዱ ይወጣል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማረፊያዬ ከቀደመው የባሰ ቀዝቃዛ ነው። ብርድ የወገብ ሕመም ዋና ምክንያት አይደለም። የደከመ ጡንቻን ግን ያኮማትራል። ነፋስ የሚመታው ወገብ ሳያውቀው ሲጠብቅ ይውላል። ነጠላዬን አጣጥፌ ከጃኬቴ ሥር ወገቤ ላይ ጠመጠምኩ።

ሁለተኛው ማረፊያዬ ኮሶዬ ሆነ። ደጋው ድንገት ያልቅና ከእግርህ ሥር ቆላው ይታያል። ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኬ እንደገና እስኪጮህ ቆየሁ። በሰዓት መውረድ የሰጠኝ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። ይህን መንገድ በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አልፌዋለሁ። ኮሶዬ ላይ ግን ወርጄ አላውቅም።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ የወገራ ነፋስ ያዘኝ። ሻይ ጠጥቼ፣ ዳቦ በልቼ፣ አንድ አይቡፕሮፌን ዋጥኩ። ክኒን የምወስደው ጠግቤ ነው፤ ያውም የግድ ሲሆን። ከዚያ እስከ ዳባት ያለውን መንገድ ብዙም አላስታውሰውም። ደህና አስፋልት ነው። ገብስ እየታጨደ ነበር።

እትዬ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ። “ወንድምዬ፣ በዚህ ወገብህ በሞተር!” ብላ አለቀሰች። አቀፍኳት። እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችኝ። ወገቤ ላይ ያሞቀችውን ጨርቅ ጣል አደረገችልኝ። ሙቀት ጡንቻን ያላላል፤ ይህን ከእናታችን ነው የተማርነው። መደብ ላይ ልታስተኛኝ ፈለገች። “ለወገብ ጠንካራ ነው የሚሻለው” አለችኝ። ብዙ ሰው እንደሷ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ስፔን ውስጥ የተደረገ ጥናት ግን መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው ይልቅ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምን እንደሚያቀል አሳይቷል። መደቡ ላይ ፍራሽ አነጠፈችልኝ። በጎኔ ተኝቼ ጉልበቶቼ መካከል ትራስ አደረግኩ። እስከ ንጋት አልነቃሁም።

ሰኞ፣ ሊማሊሞ

ደባርቅ የሰሜን ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እኔ ግን ዛሬ የሄድኩት ወደ ሊማሊሞ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጡት መንገድ ነው። ተራራውን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል።

ቁልቁለት ለወገብ የራሱ ፈተና አለው። ፍሬን በያዝክ ቁጥር ሰውነትህ ወደፊት ይንሸራተታል። እጅህ ይገፋል። ወገብህ ይገተራል። ስለዚህ ዝቅተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ አደረግኩ። ጉልበቶቼ ታንከሩን ጥብቅ አድርገው ያዙ። መታጠፊያ ላይ ዐይኔን ወደ መውጫው ላክሁ። የላይኛው ሰውነቴ ተከተለ፤ ወገቤ አልተጠመዘዘም።

ጥቂት መታጠፊያ እንደወረድኩ ሰዓቱ ደረሰ። ከታች አዲርቃይ በኩል ያለው አገር በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ልቤ መውረድ ፈልጓል። ወገቤም ደህና ነበር። ቁልቁል የወረድኩትን ያህል ሽቅብ መመለስ እንዳለብኝም አውቃለሁ። አዙሬ ወጣሁ። ደህና በሆንኩበት ቀን ማቆም ከሁሉ የሚከብደው ነው። ባለሙያዋ ደጋግማ ያሳሰበችኝም ይህንን ነበር።

ማክሰኞ፣ አምባ ጊዮርጊስ

ወደ ቤት የምመለስበት ቀን ነው። እትዬ ቆሎና ድርቆሽ ጫነችልኝ። እስከ ዳባት፣ ከዳባት አምባ ጊዮርጊስ ሰላም ደረስኩ።

ሻይ ቤቱ በር ላይ አንድ ወጣት ወገቤን ሳፍታታ አየኝ። እሱም ሞተረኛ ነው፤ ከገጠር ገበያ ዕቃ ያመላልሳል። “ጋሼ፣ እርስዎንም ያምዎታል?” አለኝ። የእሱ ከጀመረው ከ2 ወር በላይ ሆኖታል። ሞተሩ ነው ብሎ ያምናል። ስለ ሞላና ስለ ወንበር ልነግረው ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ነገር አስቆመኝ።

“ተኝተህ ስታርፍ ይሻልሃል?”

“ኧረ አይሻለኝም። ማታ ይብሳል። ያልበኛል።”

ሱሪው በገመድ ታስሯል። ከስቷል። ጥሬ ወተት ትጠጣለህ ወይ አልኩት። ቤታቸው ሁሉም ይጠጣል።

በሥራዬ ከብት ወደ ሰው የሚያስተላልፋቸውን በሽታዎች አውቃለሁ። ብሩሴላ ከጥሬ ወተት ይመጣል፤ ትኩሳትና ላብ ያመጣል፤ አከርካሪ ላይም ይቀመጣል። ቲቢም ሳንባን ብቻ አይዝም። አከርካሪን ሲይዝ አጥንቱን ይበላል። ካልታከመ ሰውን ያጎብጣል፤ ሽባም ያደርጋል። ከታወቀ ግን ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ሕክምናው በነፃ ነው። ሁለቱንም በሞላ ማላላትና በስፖርት ማዳን አይቻልም።

ሌሎቹንም ጠየቅኩት። እግርህ ይሰንፋል? ኮርቻ በሚነካህ ቦታ፣ በጭኖችህ መካከል ይደነዝዝሃል? ሽንት ይይዝሃል ወይም ያመልጥሃል? ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ያኑ ዕለት ሆስፒታል ነበር የምወስደው። ነርቭ ሲታፈን ሰዓት አይሰጥም። እሱ አንዱም የለበትም። “ሞተሩ አይደለም እንዴ?” አለኝ። ፊቱ ደነገጠ። “ሞተሩ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን መታየት አለበት” አልኩት። ላስፈራራው አልፈለግኩም። ዝም ማለትም አልቻልኩም።

አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። እዚያ ያለችው ሴት በትዕግሥት አነጋገረችው፣ ክብደቱን መዘነች፣ ጎንደር ሆስፒታል ተልኮ እንዲመረመር ወረቀት ጻፈችለት። ሞተሩን ይዞ ሊመጣ ፈልጎ ነበር። ምርመራው እስኪያልቅ በሞተር ጭነት እንዳያመላልስ ነገረችው። እናቱ በስልክ አነጋገሩኝ። ጥሬ ወተቱን እንዲያፈሉ ነግሬያቸዋለሁ። ለሌሎቹም ልጆች ሲባል።

ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ይመጣል። መናኸሪያ ወርጄ እቀበለዋለሁ፤ ካርድ ማውጫው ረጅም ሰልፍ ስላለው በጊዜ መግባት አለብን።